የማይደፋ ውሃ

አባ ሚዛን ሠላሳ ሰባት ዓመት ከተቀመጠባት ዝቅተኛ ወንበር ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነው፤ ግራው የቆዳ ሽርጡን ይዟል። ከጆሮው በላይ ያለውን ቁስል ለማየት መጎንበስ ያስፈልጋል፤ መርማሪዋ ግን ከቁስሉ በፊት ግድግዳውን አየች። መዶሻዎቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። የሦስተኛው እጀታ እርጥብ ነው።

«ገድሎ፣ አጥቦ፣ ቦታው መለሰ» አለች ለራሷ። «የሥርዓት ሰው ነው።»

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል። ታውቃለች። ስሙ አያናድዳትም፤ የሚያናድዳት እሷ ሳትደርስ ሰው አስሮ፣ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቃት ኢንስፔክተር ነው። ይኸው ዛሬም በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ጨርሰነዋል እኮ» አላት። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ተጠርጣሪውን ይወስደዋል። እርስዎን ማን እንዳስቸገረዎት አላውቅም።»

«አለቃህ ነው ያስቸገረኝ። ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ ማለት ነው። ከበሩ ዞር በልልኝ፣ ብርሃኑን ጋርደኸዋል።»

ከምድጃው አጠገብ ስድሳ የተጠጋ ሰው በካቴና ተቀምጧል። ቅንድቡን እሳት ልጦ ጨርሶታል። አቅላጩ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከሟቹ ጎን ሆኖ ወርቅ ያቀለጠ።

«ማስረጃህን ንገረኝ» አለች ወንፊት።

«ከሟቹ ሌላ የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ተጣልተዋል፤ የሟቹ ወንድም ከሱቁ ሆኖ ሰምቷል። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ልበላ ወጣሁ ይላል፤ ሲበላ ያየው የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሼ ሞቶ አገኘሁት ይላል። በምን ተጣላችሁ ሲሉት አፉን ይለጉማል። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ለምን እንደለጎመ ነዋ።»

ከግቢው በር ውጭ ጫጫታ አለ። ለቅሶ አይደለም። ወንፊት ስትገባ አይታቸዋለች፤ መዳፋቸውን ጨብጠው የቆሙ ሰዎች፣ ዓይናቸው የፈራ። የያዙት «ጥፍር» ነው። አባ ሚዛን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስስ የወርቅ ጠፍጣፋ እየሠራ፣ ላይዋ ላይ የሚዛን ምስል ያለበትን ማኅተሙን ይመታባት ነበር። መጀመሪያ ሰዎች ገዝተው ሣጥን ውስጥ አስቀመጧት። ቆይቶ የቤት ኪራይ ከፈሉባት፤ ሐኪም ተቀበላት፤ እህል ነጋዴው መልስ ሰጠባት። መንግሥት አላወጃት፣ ባንክ አላተማት፣ ብቻ መንገዱ በሙሉ ይቀባበላታል። ከሃያ ዓመት ወዲህ የመዘናት ሰው የለም። ማኅተሙን ያያሉ፣ ኪሳቸው ይከታሉ፣ አለቀ። አሁን ባለ ማኅተሙ ሞቷል መባሉን ሰምተው መጡ።

ወንፊት ተንበርክካ የሟቹን ጭብጥ ጣት በጣት ከፈተች። ለሁለት የተቆረጠ ጥፍር ግማሹ ወጣ።

«ሲሞት እንኳ ወርቁን አልለቀቀም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስስታም።»

ማኅተሙን ብቻ አይቶ ፊቱን አዞረ፤ እሷ ግን የተቆረጠበትን ጎን ወደ መስኮቱ ያዘችው። ዳር ዳሩ ክር የምታክል ቢጫ ናት። መሃሉ ግራጫ ነው። ቀና ስትል አቅላጩ ዓይኑን ሰበረ።

«ሂድና ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስብልኝ» አለችው ኢንስፔክተሩን። እየተነጫነጨ ወጣ። እሷ ባዶ ወንበር ስባ አቅላጩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ይህ የውሸት ጥፍር ነው። ያውቁ ነበር።»

«ድምፅዎን ይቀንሱ።»

«ቀንሻለሁ። ይንገሩኝ።»

ወደ በሩ ተመለከተ። ከውጭ አንዲት ሴት «እውነት ሞቷል?» እያለች ዘበኛውን ትጠይቃለች።

«ዛሬ ጠዋት ቆርጦ አሳየኝ» አለ በመጨረሻ። «ተንግስተን ይባላል፤ በያጆች የሚሠሩበት ብረት ነው። ክብደቱ ከወርቅ እኩል ነው፤ ሚዛን አይለየውም። መሮ ብቻ ነው የሚለየው። ‹ነገ ጠዋት በር ላይ ቆሜ እናገራለሁ፣ የውሸቱን ሁሉ ከሣጥኔ በእውነተኛ እለውጣለሁ› አለኝ። እኔ አይሆንም አልኩ። የተጣላነው በዚህ ነው።»

«ለምን አይሆንም አሉ?»

«ስንት እንደተሠራ አናውቅማ። አንዱ ውሸት ነው ካልን ሁሉም ውሸት ነው። ሳይመሽ ጥፍር የሚቀበል አንድ ሰው አይገኝም። ያቺ የምትጠይቀው ልብስ ሰፊ ናት፤ የልጇን ማሳከሚያ ያጠራቀመችው በጥፍር ነው።»

«የእሷ እውነተኛ ከሆነ ወርቅ ወርቅ ነው እኮ።»

«ለእኔ ወርቅ ነው። ለእሷ ግን የእሱ ቃል ነው። ቃሉ ከሞተ ቆርጣ ማየት አለባት፤ የተቆረጠ ደግሞ ማን ይቀበላታል?» እጁን ከነካቴናው ጭኑ ላይ ጣለ። «ስለዚህ ይውሰዱኝ። እኔ አፌን ከፍቼ መንገዱን አላደኸይም። ለኢንስፔክተሩ ከነገሩት እንዳልነገርኩዎት ነው የምለው።»

ወንፊት ደማቸው የፈላ ግትር ሰዎችን ትጠላለች፤ ይህኛው ግን ግትርነቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ የበለጠ አስቸገራት። ብድግ አለችና ክፍሉን መዞር ጀመረች። ከውሃ ቧንቧው ሥር ሳፋ ተደፍቷል፤ ጠርዙ ገና አልደረቀም።

«የእጅ መታጠቢያውን ውሃ የት ነው የምትደፉት?»

አቅላጩ የተሰደበ ያህል ቀና አለ። «አይደፋም።»

«እንዴት አይደፋም?»

«እጃችን ላይ የሞረድ ብናኝ አለ። ብናኙ ወርቅ ነው። በሳፋ ታጥበን እዚያ በርሜል ውስጥ እንገለብጠዋለን፣ ይዘቅጣል። በዓመቱ ዝቃጩን ሳቀልጠው ደህና ቀለበት ይወጣዋል። እዚህ ቤት የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መሞረድ አይደለም፤ ውሃ አለመድፋት ነው።»

ሰማያዊውን የፕላስቲክ በርሜል ከፈተች። ውሃው እንደ አመድ ግራጫ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ዞር ስትል ከበሩ በስተግራ፣ በሩ ሲከፈት በሚሸፍነው ጥግ፣ አንድ ትልቅ ጋን አየች። ክዳኑን አነሳች። ከታች ሦስት ጣት የምትሞላ ውሃ አለ፤ ቀለሟ የተበረዘ ደም ነው።

በዚህ መሃል ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ስለነበር ከትከሻዋ ላይ አጮልቆ አየ፤ ፊቱ በራ። «ይኸው። መዶሻውንና እጁን አጥቦ ውሃውን እንኳ መድፋት አልሆነለትም። ሌላ ሰው ቢሆን ግቢ ውስጥ ይቸልሰው ነበር። እኔ ያላገኘሁትን ገመድ እርስዎ አገኙለት።»

«ጋኑ?» አለ አቅላጩ። «ጋኑ እኮ ደረቅ ነው።»

«ነበር» አለው ኢንስፔክተሩ።

ወንፊት ክዳኑን መለሰች። ሰውዬውን ልታወጣው ገብታ ይባስ አስገባችው፤ ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል። ግን «ጋኑ?» ያለበት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። የተያዘ ሰው ድምፅ አይደለም። ሁለት ፖሊሶች ጠርታ ጋኑን በጆንያ ሸፍነው በጓሮ በር እንዲያወጡት አዘዘች፤ ስለ ጋኑም አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል። ከዚያ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ልታይ ሄደች።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች በሦስት ማዕዘን ተቀምጠው ይጠላላሉ።

ታናሽ ወንድሙ ሱቅ ሻጩ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተቀባ ጫማ። ወደ ጓዳ ወስዳ አነጋገረችው።

«አምስት ዓመቴ ነው እዚህ ቤት» አላት። «ጋሼ ወደ መሥሪያው ክፍል አያስጠጋኝም ነበር። ‹አንተ የምትሸጥበት አፍ እንጂ የምትሠራበት እጅ የለህም› ይለኛል። ደንበኛ ፊት ሳይቀር።»

«ከበሩ ኋላ ያለው ጋን ምን ይሠራል?»

«የምን ጋን?»

ሚስቱ ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ከባሏ በሃያ አምስት ዓመት ታንሳለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ» አለች። «ሁሉም ለወርቁ ነው የገባችው ይላል፤ ያ ልጃቸው በተለይ። ዛሬ ምሳ ላይ እንኳ ፊቴን ላለማየት ሳህኑን ይዞ በረንዳ ሄደ። እኔ ማዕድ ቤት ነበርኩ።»

«ጋኑን ታውቂዋለሽ?»

«ይጣል ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው። ‹ሸክላው ራሱ ወርቅ ጠጥቷል፣ አንድ ቀን ሰብሬ አቀልጠዋለሁ› ይላሉ። እኔ ከማግባቴ ጥቂት ቀደም ብሎ በእሱ ምትክ በርሜሉ ተገዛ። ከዚያ ወዲህ ጋኑ ውስጥ ከሸረሪት በቀር የገባ ነገር የለም።»

ወንፊት ራሷን አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቀች።

ከሟቹ ልጅ አጠገብ ወንበር ስትስብ አልተነሳላትም። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የባንክ መታወቂያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጁ ከእሱ አይርቅም። አባቱ «ወረቀቴ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ለምን መጣህ ዛሬ?»

«ጠርቶኝ። ስለ ውርስ ሊያናግረኝ ይመስለኛል። ምሳ በላሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልመጣም።»

«መሥሪያው ክፍል አልሄድክም?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል እዚያ ከገባሁ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ባንክ ልገባ ነው ስለው በመሮ ነበር ያባረረኝ። ጠረኑም ያስጠላኛል።»

«እስከ ሃያ ዓመትህ ግን ሠርተሃል።»

«ልጅ ሆኜ ማን ጠይቆኝ?»

ለአስራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወንፊት ሁሉንም ወደ መሥሪያው ክፍል ጠራች። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ቀለምና ወረቀት ተዘርግቷል። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆመ።

«የአራታችሁንም አሻራ እፈልጋለሁ» አለች። «ሳፋውና ሳሙናው እዚያ ነው። የታጠበ ሰው ለሚቀጥለው ውሃ ይለውጥ።»

ወንድምየው ጣቱን በሁለት ጣት እንደተያዘ ቆሻሻ እያየ አሻራውን ሰጠ፤ ታጠበ፣ ውሃውን እዚያው ትቶ እጁን አራገፈ። «ዕድሜ ልኩን ሰው ይደፋለታል» አለች ሚስትየው፤ ሳፋውን ብድግ አድርጋ በበሩ ወደ ግቢው ቸለሰችው። አቅላጩ ፊቱ ተጨማደደ። እሷም ታጥባ የራሷን እንደዚያው ቸለሰች። አቅላጩ ካቴናው ተፈቶለት ታጠበና ሰማያዊው በርሜል ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፈ።

ልጁ ጣቶቹን አስነክቶ ወደ ቧንቧው ሲሄድ ወንፊት ከጎኑ ቆመች።

«አባትህ ወረቀቴ ይልህ ነበር አሉ።»

«ለመሳደብ ነው።»

«ውሸቱን አልነበረም። አንተ ወረቀት ትቆጥራለህ፣ እሱ ወርቅ ይሠራል።»

«ወርቅ ምንድን ነው?» ሳሙናውን በኃይል አሸ። «አይበላ፣ አይጠጣ፣ አያርስ። ዋጋ ያለው ሁሉም ሰው ዋጋ አለው ስላለ ነው። ወረቀቱም ያው ነው። ገንዘብ ማለት ነገ ሌላው ሰው ይቀበለኛል ብሎ ማመን ነው፤ ጨውም ቢሆን ዛጎልም ቢሆን።»

«ታዲያ ሰው ለምን ጨዉን ትቶ ወርቁን ያዘ?»

«አይዝግማ። ብዙ የለማ። ማንም እንደፈለገ አያባዛውማ። ይኼው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም።»

«እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ሰው ከጥንት ጀምሮ ከቆፈረው ወርቅ አብዛኛው ዛሬም በሰው እጅ አለ ይላሉ። ለምን ቢሉ፣ ወርቅ የሚጥል ሰው የለም።»

«አጉል አምልኮ።» አሁን ደሙ ፈልቷል፤ ሳፋውን በሁለት እጁ አነሳ። «እነዚህ ሰዎች ለብናኝ ይሰግዳሉ። ለእጅ እድፍ። እኔ በአንድ ፊርማ የማንቀሳቅሰውን እነሱ መቶ ዓመት ቢያጣሩ አያገኙትም፣ ግን ጠብታ ውሃ አትደፋም እያሉ ልጅ ይገርፋሉ…»

እየተናገረ ሄደ። ወደ ግቢው አላየም። ሰማያዊውን በርሜል አጠገቡ አልፎት ነበር፤ እሱንም አላየም። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተራመደ፣ የበሩን መዝጊያ በክርኑ ገፋ፣ ሳፋውን ዘንበል አደረገ።

ጥጉ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ጋኑ የተቀመጠበት ክብ ምልክት ብቻ አለ። ሳፋውን እንዳዘነበለ ደርቆ ቀረ፤ ትንሽ ውሃ ጫማው ላይ ፈሰሰ።



«ምን ፈልገህ ነው?» አለች ወንፊት።

«ልማድ ነው» አለ። «ልጅ ሆኜ…»

«እሱስ ልማድ ነው። ዛሬ ከስድስት ሰዓት በኋላም ልማድ ነበር። አስቀምጠውና ስማኝ። አባትህን የገደለ ሰው መዶሻውንና እጁን በዚያ ሳፋ አጥቧል። ውሃውን አልደፋውም። ኢንስፔክተሩ ይህን አይቶ አቅላጩ ነው አለ፤ ውሃ የማይደፋ የወርቅ ሠራተኛ ነውና። እስከዚህ ልክ ነው። ደሙ ያለው ግን በርሜሉ ውስጥ አይደለም፤ ጋኑ ውስጥ ነው። አቅላጩ በየቀኑ በርሜሉ ውስጥ ይገለብጣል፤ ቢደነግጥ እጁ የሚወስደው ወደዚያ ነው፣ አሁን ሁላችሁም እንዳያችሁት። አጎትህ ጋን መኖሩን አያውቅም፣ ሳፋም አይደፋም። እሷ ግቢ ውስጥ ነው የምትቸልሰው። ወደ ጋኑ የሚሄድ እጅ እዚህ የተማረና በርሜሉ ሳይገዛ የወጣ ሰው እጅ ነው። በዚህ ቤት እንደዚያ ያለ ሰው አንድ ነው።»

«ቁልፉስ?» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ።

«የጠራኸውን ልጅህን በቁልፍ ነው የምታስገባው? ራሱ ከፈተለት።»

«ይህ ማስረጃ አይደለም» አለ ልጁ። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ትክክል ብለሃል። ማስረጃው የጥፍሯ ሌላኛው ግማሽ ነው። ከጠረጴዛው ወስደሃታል። ከዚያ ወዲህ ከግቢ የወጣ ሰው የለም። ያን እጅህ የማይርቀውን የባንክ መታወቂያ አውልቅልኝ።»

አላወለቀም። ኢንስፔክተሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነጫነጭ፣ ከአንገቱ አወጣለት። ከካርዱ ጀርባ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ፣ ግማሽ ጥፍር ተሸጉጣለች።

አቅላጩ ቀድሞ ተቀበላት። ጠዋት ያየው የተቆረጠውን ጎን ነበር፤ አሁን ገልብጦ ማኅተሙን አየ። የሚዛኗ የግራ ሳህን ጠርዙ ተሸርፏል።

«አሮጌው ማኅተም» አለ። «ጠርዙ ሲሸረፍ የተውነው፣ ከዚያ ወዲህ ጥፍር ያልመታንበት። አንተ የሄድክ ዓመት የጠፋው። እሱ ይህን አይቶ ነው የጠራህ።»

ልጁ ሳቀ፤ የሚያስጠላ ሳቅ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን ሲቀባበሉ ከረሙ። አንድ ሰው አላወቀም። የትኛው ወርቅ? የትኛው ሚዛን? ማኅተም ነው፣ የእኔም ማኅተም እንደ እሱ ሠራ። ይህን ልነግረው ብዬ ነው የመጣሁት። እሱ ግን ሣጥኑን አራግፎ ለልብስ ሰፊና ለእህል ነጋዴ ሊበትነው ነው። የእኔን ድርሻ። ‹ካሳደግኩት ወረቀት ይልቅ እነሱ ይበልጡብኛል› አለኝ።» ወደ አቅላጩ ዞረ። «በል ውጣና ንገራቸው። ጥፍራቸው ውሸት ነው በላቸው። ማታ ምን እንደሚሆን እናያለን።»

የአስራ አንድ ሰዓቱ መኪና ደረሰ። ሲወስዱት ማንም አልሸኘውም፤ አጎቱ እንኳ ሸሚዙን እንዳይነካበት ዞር አለ።

አቅላጩ ግማሿን ጥፍር መዳፉ ላይ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ወንፊት ጠበቀችው። ሌላ ሰው ቢሆን ትቆጣው ነበር።

«የተሸረፈ ሳህን» አለ ቀስ ብሎ። «መቁረጥ አያስፈልግም ማለት ነው። በዓይን ይለያል።»

«ይለያል።»

ሚስትየው ከአንገቷ የሣጥኑን ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እሳቸው አደርጋለሁ ያሉትን አድርግ» አለች። «አንተም ለወርቁ ነው የገባችው ስትል ሰምቼሃለሁ፤ አልረሳሁትም።» መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

የግቢው በር ሲከፈት ሰዉ ተጋፍቶ ገባ። አቅላጩ ምንም አልሸሸገም፤ ውሸት ጥፍር እንዳለ፣ ማን እንደሠራው፣ የግራውን ሳህን እንዲያዩ፣ የተሸረፈበትን ይዞ የመጣ ያለ ክርክር እንደሚለወጥለት ነገራቸው። ስድብ ተሰማ፤ አንዱ ሌባ አለው። ሣጥኑን አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠ።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ቀረበች። ያላት ሦስት ነው። ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ሦስተኛዋ ተሸርፋለች። የተሸረፈችውን ሰጠችው። ሣጥኑን ከፍቶ፣ አባ ሚዛን ትናንት ማኅተሙን ከመታባቸው አንዷን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«የእሱ ናት?» አለች።

«የእሱ ናት።»

ወንፊት ከበሩ ሆና ታያቸው ነበር። ሴትየዋ የግራውን ሳህን ለማየት አልገለበጠቻትም። ከሁለቱ ጋር በመሃረቧ ጫፍ ቋጠረቻትና ሌላው እንዲቀርብ ዞር አለች።